የሱስ እረፍት

ፌቨን ሲጋራ የጀመረችው አየር ለመቀበል ብላ ነው። ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ቃሊቲ የሚሠራ ሰው ግን አይስቅበትም።

የምትሠራበት ሕንፃ ግንባሩ ላይ «የደንበኞች እፎይታ ማዕከል» ተብሎ ተጽፎበታል። ሠራተኞቹ የሚጠሩት «ቁጣ አዳራሽ» እያሉ ነው። በዚህ ዘመን መብራት ሲጠፋ፣ ውኃ ሲቋረጥ፣ የገመድ መኪና ሰው እንደጫነ አየር ላይ ሲቆም ብልሽቱን የሚጠግነው ማሽን ነው። ይቅርታ የሚጠይቀውም ማሽን ነው፤ በለሰለሰ ድምፅ አሳምሮ ይጠይቃል። ምን ያደርጋል፣ ሰው ማሽን ላይ ጮኾ አይወጣለትም። እንጦጦ ጥግ፣ ንጹሕ አየር ሰፈር የሚኖሩት ደንበኞች ይህን ደጋግመው ስላመለከቱ የሚጮኹበት ሰው ተቀጠረላቸው። ሰው ደግሞ ከታችኛው ከተማ እንደልብ ይገኛል።

ፌቨን እንግዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ትሰደባለች። ሥራዋ ይኸው ነው። «ልክ ነዎት»፣ «ይገባኛል»፣ «ይቀጥሉ» ከማለት በቀር መልስ መስጠት አይፈቀድም። አንዱ ተናዶ ሲጨርስ ሌላው ተናዶ ይገባል፤ በመሃል ምራቅ የምትውጥበት ፋታ የላትም። ቤቷ ስትገባ ራቷን የምትበላው ዝም ብላ ነው። ሴትየዋ ተጫዋች ነበረች እኮ፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቃት በሳቋ ነበር።

ማዕከሉ እረፍት አይሰጥም የሚለው ሐሜት ግን ውሸት ነው። ለሱሰኛ ይሰጣል። ሱስ በሽታ ነው፣ በሽተኛም መብት አለው፤ ስለዚህ በአጫሽነት የተመዘገበ ሠራተኛ ረፋድ ላይ፣ ከምሳ በኋላና አመሻሽ ላይ ወደ በረንዳው ይወጣል። ሌላው ተቀምጦ ይሰደባል።

በተቀጠረች ሰሞን ፌቨን ይህን ስላላወቀች ወደ ጤና አማካሪዋ ሄዳ ነበር። አማካሪዋ ሊዲያ ትባላለች፤ ከላይኛው ከተማ በሳምንት አንድ ቀን የምትወርድ፣ ሲያዩዋት ደስ የምትል ልጅ ናት።

«ልጄ፣ አንዳንዴ ወጣ ብዬ ነፋስ ቢነካኝስ?» አለቻት ፌቨን።

«ያጨሳሉ?»

«ኧረ በስመአብ።»

«እንግዲያው ጤነኛ ነዎት» አለች ሊዲያ፣ ከልቧ ደስ ብሏት። «እንኳን ደስ አለዎት።»

በዚያው ሳምንት፣ የውሻው መታጠቢያ ውኃ ቀዝቅዞበት የደወለ አንድ ደንበኛ የፌቨንን እናት አንሥቶ ተሳደበ። እናቷ ከሞቱ ገና ወራቸው ነበር። ፌቨን «ልክ ነዎት» ማለት ነበረባት፤ አለችም። ማታ ምድር ቤት ወርዳ ከመሸጫው ማሽን ሲጋራ ገዛች፤ በማግስቱ ተመዘገበችና ረፋድ ላይ በረንዳ ወጣች።

የመጀመሪያውን ስትስብ እንባዋ እስኪወርድ ሳለች። ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ ያረጋጓት ጋሼ ናሆም ናቸው፤ በአዳራሹ ከሁሉም በላይ የቆዩ፣ ፂማቸው ገብስማ የሆነ፣ የትኛውም ስድብ የማያስደነግጣቸው ሰው።

«ወደ ውስጥ አታስገቢው የኔ እመቤት» አሏት። «መለኮሱ ይበቃል። እዚህ የምንወጣው ለመቆም ነው።»

እሳቸው ይህን ይበሉ እንጂ ሲጋራ የሰው ዕቅድ አያከብርም። ለመቆም ብላ የለኮሰችው ቀስ በቀስ ራሱ ይጠራት ጀመር። ስድቡ በከፋ ቀን ጥሪው ይከፋል፤ የቤት ኪራይ ሲጨመር ይከፋል፤ ልጇ ኤልዳና ስልክ ሳታነሣ ስትውል ይከፋል። በላይኛው ከተማ የሚያጨስ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የታችኛው ከተማ ሰው ለምን እንደማይተው ደግሞ በየዓመቱ ጥናት ይደረጋል። አንድ ዓመት ፌቨንም ተጠይቃ ነበር። «ለምን ያጨሳሉ?» ሲላት «እረፍት ስለሚሰጠኝ» አለችው። ጠያቂው «ያዝናናኛል ማለትዎ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ለማንኛውም በረንዳው ይወደዳል። ጠባብ ነው፣ ወንበር የለውም፣ የሚታየውም የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ ሆኖም ሰው ሰውን የሚያየው እዚያ ብቻ ነው። ጋሼ ናሆም የደንበኞቻቸውን ድምፅ እያስመሰሉ ያስቃሉ፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የታጨች ትመረቃለች። ማታለል ግን አይቻልም። ጣራው ላይ ያለው ዓይን ሰው ሲቆጥር ፍምም ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሚነድ ሲጋራ ካላየ በሩን ይከፍትና ሁሉንም ወደ ማዳመጫቸው ይጠራል።

ፌቨን እንዲህ እያለች ዓመታት ካለፉ በኋላ ኤልዳና አረገዘች።

የመጀመሪያ ልጇን የያዘች ሴት የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ ድሮም ወግ ነው፣ አሁንም ሰዉ ልቡ ውስጥ አለ። የፌቨን ክፍል ግን የጭስ ቤት ተብሎ ተለይቷል፤ የጭስ ቤት ደግሞ ሕፃን አይወለድበትም። የኤልዳና ባል ላይኛው ከተማ አትክልተኛ ስለሆነ አሠሪዎቹ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ የልደት ቤት ቦታ ሰጡት። ቤቱ ከወላዷና ከባሏ ሌላ አንድ ሰው ያስገባል። ያ ሰው ትንፋሹ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊትም መግባት አለበት። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በሩ አራስነቷ እስኪያልቅ ለማንም አይከፈትም፤ አራሷን የሚያገላብጣት፣ የሚያጥባትም የቤቱ የብረት እጅ ነው።

«እማዬ» አለቻት ኤልዳና ዜናውን በነገረቻት ቀን፣ «እኔ ብረት ገላዬን እንዲነካኝ አልፈልግም። የምታርሺኝ አንቺ ነሽ። ተይው በቃ ይህን ነገር።»

«ትቼዋለሁ» አለች ፌቨን።

እጇ ላይ ያለውን ደፈጠጠችው። ቀላል ነበር ብሎ የሚያወራ ካለ አጭሶ የማያውቅ ነው። ሌሊት ላብ አጠመቃት፤ ቀን በረባ ባልረባው ሆድ ባሳት። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ደንበኛ «አንቺ ደንቆሮ» ስትላት እጇ ባዶ ኪሷን ሲዳብስ አገኘችው። ሁሉንም ትችለው ነበር፤ በረንዳውን ግን ማጣት አልቻለችም። ካላጨሰች መውጣት የለም። ካልወጣች ደግሞ እንደማትዘልቅ ታውቀዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ምድር ቤት ወርዳ እንደምትገዛም ታውቀዋለች።

ይህን ለጋሼ ናሆም ስትነግራቸው አለቀሰች።

«ይኼ ነው እንዴ የሚያስለቅስሽ?» አሉ ጋሼ ናሆም። «ነዪ፣ ውጪ። የአንቺን እኔ አጨስልሻለሁ።»

በዚያን ቀን ሽማግሌው በግራ እጃቸው አንድ፣ በቀኛቸው አንድ ይዘው እንደ ሙሽራ ሚዜ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዓይኑ ፍም ቆጠረ፤ ሞላለት፤ ዝም አለ። ፌቨንን ነፋሱ ከሚመጣበት ጥግ ላይ አቆሟት፤ ባዶ እጇን ቆመች። ለካስ በረንዳው ከጭሱ ሌላ አየርም ነበረው።

እንዲህ ሳምንት ከዘለቁ በኋላ የጋሼ ናሆም ሳል ባሰ፤ በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ተቆጣቸው። እናም የታችኛው ከተማ ሰው ችግር ሲገጥመው የሚያደርገውን አደረጉ፤ እቁብ አቋቋሙ። ገንዘብ የሚጣልበት አይደለም። ጠዋት ጠዋት እጣ ይወጣል፤ የወጣለት ሰው በዚያ ቀን የፌቨንን ድርሻ ያጨስላታል። «የፌቨን እጣ» ይሉታል።

«ዛሬ ለእኔ ደረሰ» ይላል አንዱ፣ ሁለት ሲጋራ እየለኮሰ። «ሳንባዬን ነው የሰጠሁሽ፤ ክርስትና አባቱ ሌላ ሰው ቢሆን እንጣላለን።»

«አንተ ብሎ ክርስትና አባት» ትለዋለች ሌላዋ፣ «ጸሎት እንኳ በወጉ አታውቅም።»

ፌቨን ከማዶ ትስቃለች። የጠፋው ሳቋ የተመለሰው በዚያ ሰሞን ነው። ሁሉም በሚገርም ጥንቃቄ ይጠብቋት ነበር፤ ነፋሱ ሲዞር ቦታ ይቀይሩላታል፤ ጭስ ወደ እሷ ከሄደ ባርኔጣ አውልቀው ያራግቡላታል። ገመድ መኪና ጣቢያ ባለው መለኪያ ስትተነፍስ «ንጹሕ» የሚል መልስ ማግኘት ከጀመረች ወር አለፋት።

አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለች አማቿ ደወለ። ምጡ ጀምሯል፤ የመጀመሪያ ስለሆነ አይቸኩል ይሆናል፣ እርሷ ግን ትምጣ።

ፌቨን ነጠላዋን አንሥታ በቀጥታ ወደ ገመድ መኪናው መሄድ ነበረባት። ይህን ዛሬ ሁሉም ይናገረዋል። ግን እንዴት ብላ። ሁለት ወር ሙሉ ሳንባቸውን ያበደሯትን ሰዎች ሳትሰናበት፣ ምርቃት ሳትቀበል፣ እንደ ሌባ ሹልክ ብላ ትሂድ? ነውር አይደለም እንዴ? ረፋድ ስለነበር ሁሉም በረንዳ ላይ ናቸው። ወጣች።

«ምጥ ላይ ናት» አለች በሩ ላይ እንደቆመች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበበትም። ተሯሩጠው አቀፏት። ሲጋራቸውን እንደያዙ፣ ጭሱን እንደተነፈሱ፣ አንገት ለአንገት ተያይዘው ደጋግመው ሳሟት። «ማርያም በሽልም ታውጣልሽ» ይላል ይኼኛው፤ «የሚታቀፍ ይስጥሽ» ይላል ያኛው። እጣው የደረሳቸው ጋሼ ናሆም ነበሩና በሁለት እጃቸው ሁለት ሲጋራ ይዘው፣ ጢሱ እየተጥመለመለ፣ ግንባሯን ሳም አድርገው ረዥም ምርቃት መረቋት። ፌቨን አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና «አሜን፣ አሜን» አለች። ለአሜን አፍ ይከፈታል። እረፍቱ እስኪያልቅ ማንም አልለቀቃትም።

የልደት ቤቱ በር ነጭ ነው። እጀታ የለውም፤ በሰው አፍ ትክክል ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ፌቨን ነጠላዋን አስተካከለችና ተነፈሰች።

«ትንፋሽዎ ጭስ አለበት» አለ በሩ በለሰለሰ ድምፅ። «ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«አላጨስም እኮ። ሁለት ወር ሆነኝ።»

«ይቅርታ እንጠይቃለን። ንጹሕ ሲሆኑ ይመለሱ።»

ደግማ ተነፈሰች፤ ያንኑ አላት። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማን ይወቀስ? ስለወደዷት ነው። እሷም ስለወደደቻቸው ነው አፏን ከፍታ የቆመችው። አማቿ ከውስጥ ደውሎ ምጡ እየተፋፋመ መሆኑን፣ ኤልዳናም «እማዬ የት ደረሰች?» እያለች መሆኑን ነገራት። «በር ላይ ነኝ በላት» አለች ፌቨን።

ጥቂት እንደተቀመጠች ድምፁ ተመለሰ። በደጃፉ ላይ ያለ ጉዳይ መቆየት አይቻልም፤ የጥበቃው መኪና መጥቶ ወደ ታችኛው ከተማ ይወስዳታል። ቅሬታ ካላት ግን የማቅረብ መብት አላት፤ ቅሬታ እያቀረበ ያለ ሰው ከደጃፍ አይነሣም።

ፌቨን እንባዋን ጠረገች። በዚህ ዓለም የምታውቀው ነገር ቢኖር ቅሬታ ነው። የስልኳን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ደወለች።

«የሚጮኹበትን ሰው ይመርጣሉ?» አለ ማሽኑ። «ቀድሞ የጮኹበት ሰው ካለ ቁጥሩን ይናገሩ።»

የጋሼ ናሆምን ቁጥር ተናገረች።

«የደንበኞች እፎይታ ማዕከል» አሉ ጋሼ ናሆም፣ በዚያ በሥራ ድምፃቸው። «ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ጭስ አለብሽ ብሎ ከለከለኝ።»

የጋሼ ናሆም የሥራ ድምፅ ተሰበረ። «እኛ ነን» አሉ። «ወይኔ ልጄ። እኛው ነን ያጠፋንሽ።»

«አሁን እሱን ይተዉት። ከሰው ላይ የመጣ ጭስ ነው፤ ሰዓታት ካለፉ ከትንፋሼ ይወጣል። እዚሁ ከቆየሁ እገባለሁ። መስመሩን ግን አይዝጉብኝ።»

«እኔ አልዘጋም፤ ይኼ ማሽን ግን ቁጣ ካልሰማ ‹ደንበኛው ረክቷል› ብሎ ይዘጋዋል። ታውቂው የለ? ቆጣ በይ።»

«በምን ልቆጣ? በእርስዎ ላይ?»

«ሌላ ሰው የለማ። በይ ጀምሪ፣ የቁጣው ቀይ መብራት ሊጠፋ ነው።»

ፌቨን በዚያ አዳራሽ ዘመኗን ሙሉ ተሰድባለች፤ ተሳድባ ግን አታውቅም። መጀመሪያ አፏ ተያያዘ። ከዚያ ሳላቸው ትዝ አላት።

«እርስዎ ሰውዬ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ያንን ሳል መቼ ነው የሚታዩት? ስንት ጊዜ ተነገረዎት?»

«ልክ ነዎት» አሉ ጋሼ ናሆም።

«ደግሞ ሁለት ሁለት እንዲያጨሱ ማን ላከዎት? ማን ለምኖዎት? እርስዎ ቢሞቱ እኔ በምን አንጀቴ ነው የምስቀው?»

«ይገባኛል። ይቀጥሉ።»

ቀጠለች። ምሳ ሳይበሉ ስለሚውሉት ነገር ተቆጣች። ክረምት ከበጋ ስለሚለብሷት ስለዚያች ስስ ኮት ተቆጣች። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸውን ዘግተው ስለሚቀመጡት፣ ጎረቤት ሲጠራቸው አሞኛል ስለሚሉት፣ እሷ ራሷ ለፋሲካ ጠርታቸው ስለቀሩት ሁሉ ዘረገፈችው። እየተቆጣች ደጃፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ትራመዳለች፤ ሳንባዋ ይጠረግ ብላ ትዘላለች፤ ከሰማይ ያለውን አየር እስክትጠግብ ትስባለች። ከላይኛው ከተማ ሰዎች አንዳንዱ እያያት ያልፋል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ብቻዋን የምትጮህና የምትዘል ሴት ማየት እዚያ ሰፈር አልተለመደም። ጉዳይዋም አልነበረም።

በየመሃሉ ቀዳዳዋ ላይ ትተነፍሳለች። በየመሃሉ በሩ ይቅርታ ይጠይቃል።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ድምፅዋ ሰልሎ ነበር። አማቿ ደወለ፤ ቀርቧል፣ ቶሎ በይ አላት። ወዲያው ከጋሼ ናሆም በኩል የበረንዳው ጥሪ ሲያቃጭል ተሰማት፤ የአመሻሽ እረፍት ነው።

«ጋሼ፣ አይወጡም እንዴ? ረፋድ ከወጡ ወዲህ እኮ አልወጡም፤ መስመሩ ላይ ነው የዋሉት።»

«ምን አስወጣኝ?» አሉ ጋሼ ናሆም። «አርፌ ተቀምጬ። እኔ እንጃ፣ ዛሬ አላሰኘኝም።» ወንበራቸው ሲንቋቋ ተሰማት። «ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የተቆጣኝ ሰው የለም።»

ፌቨን ወደ በሩ ዞረችና ያላትን ሁሉ ተነፈሰች።

«ንጹሕ» አለ በሩ። «እንኳን ደህና መጡ።»

ሮጠች። ኮሪደሩ ነጭ ነው፣ ረዥም ነው፣ ነጠላዋ ከወገቧ ተፈትቶ ከኋላዋ ይጎተታል። ኤልዳና አልጋው ላይ ሆና የባሏን እጅ ጨብጣ ትጮኻለች፤ እናቷን ስታይ ፊቷ እንደ ሕፃን ተጨማደደ። «ዘገየሽ» አለቻት፤ አለቀሰች። ፌቨን ራሷን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት፣ ላቧን በነጠላዋ ጠረገችላት፣ «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመረች። የብረቱ እጅ ሊጠጋ ሲል በክንዷ መለሰችው። ማዳመጫው ከጆሮዋ እንዳልወጣ ረስታዋለች። ከዚያ በኩልም አንድ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ፣ አዳራሹ መሃል ሳያፍር፣ «ማርያም፣ ማርያም» ይል ነበር።

ሴት ልጅ ተወለደች። የተጨማደደች፣ ጥቁር ጸጉሯ ግንባሯ ድረስ የወረደ፣ ሳንባዋ ሙሉ የሆነ ልጅ። ፌቨን ተቀበለቻት። ከኋላዋ ያለው በር ሲቆለፍ ተሰማት።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ ጋሼ ናሆም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመቤቴ፣ ማሽኑ እየጠየቀኝ ነው። ቅሬታዎ ተፈቷል ብዬ ልዝጋው?»

ከዘጉት ሌላ ሰው እንደሚገባባቸው ፌቨን ታውቃለች። አመሻሹ ላይ የሚደውሉት ደግሞ ከሁሉም የከፉት ናቸው።

«የለም ጋሼ፣ አይዝጉት» አለች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ወደ ሕፃኗ አፍ አስጠጋችው።

ልጅቱ አፏን ከፈተችና ክፍሉ እስኪናወጥ ጮኸች። ቀይ ሆና፣ ቡጢዋን ጨብጣ፣ ዓለም ሁሉ የበደላት ይመስል ጮኸች። ኤልዳና ደንግጣ እጇን ዘረጋች፤ «እማዬ፣ አባብያት እንጂ» አለች።

«ኧረ ተያት» አሉ ጋሼ ናሆም ከማዳመጫው ውስጥ፣ ሳቅና ልቅሶ እየተናነቃቸው። «ተያት የኔ ልጅ። ትጩህብኝ።»